ደመናው ሳይዘንብ ለምን ይሄዳል? ስለ ባሕር ዳር ሙቀት በኡልፓን የተማርነው



በዚህ ወር ኡልፓን ውስጥ የተማርነው ስለ አየር ጠባይ ነበር። ሞራችን «ከእናንተ አንዱ የተማርነውን በአማርኛ ጽፎ ለጋዜጣው ይስጥ» ስትል ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ጥያቄ የማበዛው እኔ ስለሆንኩ ነው። በሀገሬ እስከ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ጽሑፌ እንደ አነጋገሬ ነው። ነገሩ ግን ለጤናችን የሚያስፈልግ ስለሆነ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማንበብ ለማይችሉ እናቶችና አባቶችም አንብቡላቸው።

ጥያቄው ይህ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጠዋት ስንነሣ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ እናገኘዋለን። ማታ ያሰጣነው ልብስ አልደረቀም፣ በረንዳው ላይ ያለው ብረት ውሃ አዝሏል፣ የጨው ዕቃው ውስጥ ጨው ድንጋይ ሆኗል። በእኛ ሀገር ቢሆን እንዲህ ያለ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይዘንብ አይመሽም። ልብስ ይሰበሰባል፣ ከብት ይገባል፣ ማገዶ ይሸፈናል። እዚህ ግን ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ በእነሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት ላይ ማለት ነው፣ ደመናው ይበተናል። ፀሐይዋ ትወጣለች፣ ዝናብ የሚባል የለም። እርጥበቱ ግን የትም አልሄደ፤ ሙቀቱ ጨምሮበት እዚያው እላያችን ላይ ይውላል። ታዲያ ይህን ያህል ውሃ አየሩ ውስጥ ካለ ለምን አይዘንብም?

በመጀመሪያ ስለ አንድ ቃል ልንገራችሁ፤ ክፍላችን ውስጥ ብዙ ያከራከረን ነውና። ሞራችን «ሖሬፍ ማለት ክረምት ነው፣ ቃይጽ ማለት በጋ ነው» አለችን። መዝገበ ቃላቱም እንደዚያ ይላል። አንድ አባት ተነሥተው «ክረምት እኮ ሐምሌ ነው!» አሉ። ልክ ናቸው። ለእኛ ክረምት ማለት የዝናብ ጊዜ ነው። ለእነርሱም ሖሬፍ የዝናብ ጊዜ ነው፤ ወራቱ ግን ተገላብጠዋል። እዚያ ከሰኔ እስከ መስከረም ሲዘንብ እዚህ ድርቅ ነው። እዚያ ታኅሣሥና ጥር አቧራ ሲሆን እዚህ ጎርፍ ነው። ስለዚህ ቃሉን ስትማሩ ብርዱን ወይም ሙቀቱን አትያዙ፣ ዝናቡን ያዙ።

አሁን ወደ ነጎድጓዱ። እኔ ያደግሁት ወገራ ነው፤ በልጅነቴ ፍየል ጠብቄአለሁ። የሐምሌን ሰማይ ከመጽሐፍ ሳይሆን በዓይኔ ነው የማውቀው። ጠዋት ብራ ይሆናል። ፀሐይዋ እርጥቡን መሬት ታሞቀዋለች፣ ከመሬቱ እንፋሎት ይነሣል። እኩለ ቀን ሲሆን በተራራው ራስ ላይ ነጭ ደመና እንደ ጥጥ ክምር ወደ ላይ ይቆለላል። ስምንት ሰዓት ገደማ ሥሩ ይጠቁራል፤ ከዚያ መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ አንዳንድ ጊዜም በረዶ። ሞራችን ስታስረዳን ይህንኑ ነው የነገረችን፤ እኔ የማላውቀው ምክንያቱን ነበር። የሞቀ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይበርዳል። የበረደ አየር ብዙ ውሃ መያዝ አይችልም፤ ስለዚህ እንፋሎቱ ጠብታ ይሆናል፣ ከላይ ደግሞ በረዶ ይሆናል። እነዚያ በረዶዎች ደመናው ውስጥ ሲጋጩ ኤሌክትሪክ ይፈጥራሉ፤ መብረቅ ማለት ያ ነው። መብረቁ ያለፈበት አየር በአንድ ጊዜ ከመጠን በላይ ሞቆ ሲፈነዳ ድምፁ ነጎድጓድ ይሆናል። ዝናቡ ከወረደ በኋላ ደግሞ አየሩ ይቀዘቅዛል። በሀገራችን ሙቀቱን የሚሰብረው ይህ የከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ያለ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ሙቀት ከ6 ዲግሪ በላይ ይቀንሳል ብለን ብናስብ፣ ተራራው ብቻውን 13 ዲግሪ ያህል ያወርድልን ነበር ማለት ነው። እዚህ ያለነው ባሕሩ ጫፍ ላይ ነው። ተራራውም የለም፣ የሐምሌ ዝናቡም የለም።

ዝናቡ የማይመጣበት ምክንያት ግን ውሃ ጠፍቶ አይደለም። ከላይ ክዳን ስላለ ነው። እናቶች ይህን ከማንም በላይ ይረዱታል፤ ምጣድ ላይ አክንባሎ ስንደፋ እንፋሎቱ ከሥሩ ይታፈናል። የዚህ ሀገር የበጋ ሰማይም አክንባሎ ተደፍቶበታል። በሐምሌና በነሐሴ በህንድና በዙሪያው ባሉት የእስያ አገሮች ብርቱ የዝናብ ጊዜ ነው፤ አየሩ እዚያ ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ የወጣ አየር ደግሞ የሆነ ቦታ መውረድ አለበት፤ ከሚወርድባቸው ቦታዎች አንዱ የእኛ ባሕር ሰማይ ነው። አየር ሲወርድ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ከታች ደግሞ ከሜዲትራንያን ባሕር የሚነፍሰው አየር እርጥብ ነው፣ ከላይኛው ይልቅ ቀዝቃዛ ነው። የሞቀው ከላይ፣ የቀዘቀዘው ከታች ሆነ። ታዲያ የታችኛው አየር ወደ ላይ ልውጣ ቢል ክዳኑ አያሳልፈውም። ክዳኑ ያለው ሩቅ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ከባሕሩ ከ1,000 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ነው። ጠዋት የምናየው ደመና ከዚያ ክዳን ሥር የተኛ ስስ ደመና ነው። ወደ ላይ መቆለል ስለማይችል በረዶ አይሠራም፣ መብረቅ የለውም። ፀሐይዋ ስትበረታ ይጠፋል። ይህን የሚያውቁት ከቤት ዳጋን፣ ከሜቴዎሮሎጂ ድርጅቱ፣ መለኪያ የታሰረበት ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቁ ነው አለችን። ፊኛው ሲወጣ አየሩ እየበረደ ይሄድና ክዳኑ ጋ ሲደርስ እንደገና ይሞቃል።

እኔም «ሙቀትና ባሕር ያለበት አገር ሁሉ እንዲህ ነው ወይ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሞራችን ካርታ ዘርግታ አሜሪካ ውስጥ ፍሎሪዳ የሚባለውን አሳየችን። በሁለት ወገን ባሕር ያለው ረጅም መሬት ነው። በበጋ እዚያም እንደ እኛው ላብ በላብ ነው። ነገር ግን ከግራም ከቀኝም የባሕር ንፋስ ይገባና መሐል ላይ ሲጋጠም አየሩ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ክዳን ስለሌለ በብዙ የበጋ ቀናት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ነው፤ በአሜሪካ መብረቅ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ይህን ስሰማ ፍሎሪዳ ለወገራ ከአሽቀሎን ይልቅ ትቀርባለች ብዬ ሳቅሁ። ሙቀቷን ግን አልመኝላችሁም።

አየሩ ውስጥ ስንት ውሃ አለ? ይህን በቁጥር አስልተናል፤ እኔን በጣም ያስደነቀኝም ይህ ነው። በ30 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አየር እስከ 30 ግራም ውሃ ይይዛል። በ15 ዲግሪ ግን 13 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ሬዲዮው «ላሑት 70 ከመቶ» ሲል፣ እርጥበት ማለቱ ነው፣ ከ30ው 21 ግራሙ አለ ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የወገራ ጉም ውስጥ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰው የማይታይበት ጉም ውስጥ ካለው ውሃ ይልቅ፣ እዚህ በነሐሴ ጥርት ባለ ሰማይ ሥር የሚበልጥ ውሃ አለ። አይታይም እንጂ። የእኛ ክፍል አራት ሜትር በሦስት ሜትር ነው፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል። በውስጡ ከግማሽ ሊትር በላይ ውሃ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ይህን ማየት የፈለገ ከማዝጋኑ ቱቦ ሥር ባልዲ ያስቀምጥ። ያ የሚንጠባጠበው ከየትም የመጣ አይደለም፣ ከምንተነፍሰው አየር የወጣ ነው። አይጠጣም፤ ወለል ለመወልወል ግን እኛ እንጠቀምበታለን።

እርጥበቱ ሊጣችንንም አልማረም። እዚያ ሦስት ቀን የሚፈልገው ሊጥ እዚህ በነሐሴ ቶሎ ቦክቶ ይኮመጥጣል፤ እንጀራውም ውጭ ከተቀመጠ በሁለት ቀን ይሻግታል። በርበሬ በጨርቅ አታስቀምጡ፤ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይሁን።

ዋናው ነገር ግን የሰው ገላ ነው። ሰው የሚቀዘቅዘው ላብ ስላለው ብቻ አይደለም፤ ላቡ ከቆዳ ላይ ሲደርቅ ነው ሙቀቱን ይዞት የሚሄደው። አየሩ ውሃ ከጠገበ ላባችንን አይቀበልም። ላቡ ይወርዳል፣ ልብስ ያርሳል፣ ገላውን ግን አያቀዘቅዝም። ውሃችንና ጨዋችን በከንቱ ይፈስሳል ማለት ነው። ስለዚህ ነው ዲግሪውን ብቻ ማየት የሚያታልለው። የዚህ ሀገር ሰዎች «ዖሜስ ሖም» የሚሉት ነገር አለ፣ የሙቀት ጭነት ማለት ነው። የሚለካው በሁለት ቴርሞሜትር ነው። አንዱ ደረቅ ነው፣ የሌላው ጫፍ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል። ሁለቱን ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው። ከ22 በታች ከሆነ ጭነት የለም። ከ24 እስከ 28 መካከለኛ ነው፤ ከ28 ካለፈ ከባድ ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ሠራን፤ በረሃ ውስጥ ደረቁ 36፣ እርጥቡ 18 ቢሆን 27 ይመጣል። እኛ ባሕር ዳር ደረቁ 31፣ እርጥቡ 26 ቢሆን 28 ተኩል ይሆናል። ዲግሪው በአምስት ቢያንስም ጭነቱ የሚከብደው የእኛው ነው። ቤርሼባ ያሉ ዘመዶቻችን «እናንተ ጋ 31 ብቻ ነው» ሲሏችሁ ይህን ንገሯቸው። ሐምሲን ወይም ሻራቭ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው፤ እርሱ በጸደይና በመጸው ከበረሃ የሚመጣ ደረቅ ሙቀት ነው፣ ከንፈር ይሰነጥቃል፣ በጥቂት ቀን ያልፋል።

ባለፈው ነሐሴ በግቢያችን አንዲት እናት በእኩለ ቀን ከሹቅ በእግራቸው ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ራሳቸውን አመማቸው፣ አስመለሳቸው፣ የልጃቸውን ስም ተሳሳቱ። ልጆቻቸው «ምች ነው» አሉ፤ አንዷ ጎረቤት በረንዳዋ ላይ የተከለችውን ዳማከሴ ልትቀጥፍ ሮጠች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሌላው ልጅ 101 ደወለ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ የጠየቁት «ዛሬ ምን ጠጡ?» ብለው ነው። ጠዋት ሁለት ስኒ ቡና፣ ሌላ ምንም። በክንዳቸው ፈሳሽ ተሰጣቸው፤ በማግሥቱ ቡና አፍልተው ጠሩን። እኔ ምች የሚለውን ስም አልንቅም። የጥንት ሰዎች ፀሐይ ሰው እንደምትመታ አይተው ነው ስም ያወጡለት። ምች የምንለው ግን ብዙ ዓይነት በሽታ ነው፤ ይህኛው ውሃ ማጣትና መጋል ነው። ዳማከሴው ለሽታው ይሁን፣ ውሃው ግን ይቅደም።

እናቶቻችን ለምን እንደማይጠጡ እናውቃለን። መንገድ ላይ ሽንት ቤት መጠየቅ ያፍራሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ደግሞ ውሃ ቢያጣም ብዙም አይጠማውም፤ ስለዚህ «ሲጠማኝ እጠጣለሁ» ማለት ለእነርሱ አይሠራም። በየሰዓቱ ብርጭቆ ይዛችሁ ፊታቸው ቁሙ። ሽንት ጠቆር ያለ ቢጫ ከሆነ ውሃው አንሷል። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው፣ የግፊትና ሽንት የሚያበዛ ክኒን የሚወስዱ ግን ስንት መጠጣት እንዳለባቸው ቁፓት ሖሊም ይጠይቁ። ሰው ገላው እንደ እሳት ግሎ ንግግሩ ከተዘበራረቀ አትጠብቁ። 101 ደውሉ፣ ጥላ አስገቡት፣ ልብሱን አላሉ፣ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። ራሱን ለሳተ ሰው በአፉ ውሃ አትስጡ።

ስለ መስኮትም መናገር አለብኝ፤ ብትቀየሙኝም። «ዝጉት፣ ንፋስ ይመታናል» የምንለው ለወገራ ብርድ ትክክል ነበር። በአሽቀሎን በነሐሴ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መዝጋት ግን ራስን ማፈን ነው። ቀን የባሕሩ ንፋስ ረፋድ ላይ ከምዕራብ ይጀምራል፤ የምዕራቡን መስኮት ክፈቱ። ማታ ንፋሱ ይሞታል፣ ባሕሩ ራሱ በነሐሴ ወደ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ ሌሊቱም አይበርድም፤ በሁለቱም ወገን ክፈቱ። ማዝጋን ሲሠራ ብቻ ይዘጋ። ሕፃን ደግሞ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ውጭው 30 ዲግሪ ሲሆን በተዘጋ መኪና ውስጥ በግማሽ ሰዓት ወደ 50 ሊጠጋ ይችላል።

የአብ ጾምም አለ። በጎንደር ይህ ጾም የሚውለው ዝናብና ብርድ ላይ ነው፤ እዚህ ቲሻ ቤአቭ የሚውለው ሙቀቱ በከፋበት ጊዜ ነው። ከመግባቱ በፊት ባለው ቀን ቀስ በቀስ ብዙ ውሃ ጠጡ፣ በጾሙ ቀን ከፀሐይ ተጠለሉ። ክኒን የሚወስድ ወይም እርጉዝ የሆነች፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪሙንም ቄሱን ወይም ራቡንም ይጠይቅ። ይህን የሚያሳፍር ነገር የሚያደርጉ አሉ፤ እኔ አያሳፍርም እላለሁ።

ታዲያ ነጎድጓድ እዚህ የለም ወይ? አለ፣ ተራው ሲደርስ። መጸው ላይ ክዳኑ ይነሣል። ባሕሩ በበጋ የጠጣውን ሙቀት ገና አልጨረሰም፤ ከላይ ደግሞ ከሰሜን የበረደ አየር ይመጣል። ያን ጊዜ የሞቀው ከታች፣ የበረደው ከላይ ይሆናል፤ እንደ ወገራ ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያ እንፋሎቱን የሚልከው በቀን የሞቀው መሬት ነበር፣ እዚህ ግን ባሕሩ ነው። ባሕር ደግሞ በሌሊት አይቀዘቅዝም። ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ ነጎድጓዱ ከሰዓት በኋላን አይጠብቅም፤ ብዙ ጊዜ በሌሊትና በማለዳ ነው የሚቀሰቅሰን። የመጀመሪያውን ዝናብ ዮሬ ይሉታል፣ የመጨረሻውን ማልቆሽ። በጸሎቱም ከፔሳሕ ጀምሮ ስለ ጤዛ እንጸልያለን፣ ከሽሚኒ ዓጼሬት ጀምሮ ስለ ዝናብ። ጤዛ በዕብራይስጥ «ታል» ነው፤ በግዕዝም «ጠል» ነው። ባራቅና መብረቅ፣ ሻማይምና ሰማይ፣ ማይምና በግዕዝ «ማይ»፤ እነዚህን ቃላት ማንም ሳያስተምረን ግማሹን እናውቃቸው ነበር።

መብረቅ ስታዩ ቁጠሩ። ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ለመምጣት ሦስት ሴኮንድ ይፈጅበታል። ሠላሳ ሳትደርሱ ነጎድጓዱ ከተሰማ ከ10 ኪሎ ሜትር ይቀርባል፤ ከባሕርና ከሜዳ ወጥታችሁ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቡ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ይህንን እረኛ የነበረ ሁሉ ያውቃል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ግማሽ ሰዓት ቆዩ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ውሃው አፈር ስለማያገኝ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጃንዋሪ 4 ቀን 2020 በደቡብ ቴል አቪቭ አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ሊፍት ውስጥ እንዳሉ ውሃ ሞልቶባቸው ሞተዋል። ብርቱ ዝናብ ሲሆን በደረጃ ሂዱ፣ ምድር ቤት አትውረዱ።

ስግድም የሚውለው በሔሽቫን 29 ነው። በሀገራችን ዝናቡ አብቅቶ ተራራው ደርቆ ነበር የምንወጣው፤ እዚህ ግን ዝናቡ በሚጀምርበት ወቅት ላይ ነው። ኢየሩሳሌም ስትሄዱ ለሽማግሌዎቹ ጃንጥላ ያዙላቸው፣ ለልጆቹም ሹራብ።